ከሽማግሌው በስተቀኝ

መጠጥ መተው ከባድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የሚተዉበትን ቦታ መፈለጉ እንዲህ እንደሚያደክም ግን የነገረኝ የለም። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ፣ መጠጥ የተዉ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚበረታቱበት ቦታ ሰበታ እንዳለ ነገረችኝ። ከቡራዩ ተነስቼ፣ ታክሲ ቀያይሬ፣ አቧራ ለብሼ ስደርስ ክፍሉ ፀጉር ቤት ሆኗል። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ስብሰባው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ወንበሩን ግን አዘጋጀልኝ። ተቆርጬ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ቦታ ሱሉልታ ነበር። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱን ወጥቶ ሱሉልታ። ርቀቱን ወደድኩት። በርና መስኮት በያጅ ስለሆንኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል። ሰክሬ ስንገዳገድ ያዩኝ ብዙም አልደነቃቸውም፤ ልተው ስሄድ ቢያዩኝ ግን መነጋገሪያ እሆን ነበር። በእኛ ዘንድ መጠጣት ነውር አይደለም፤ ነውሩ አቃተኝ ማለት ነው።

ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ትልልቅ ሰዎች በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ እንቀመጣለን። ስም አይጠራም፤ የተሰማው እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ፣ ከፊደል ገበታው ሥር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት የሰፈራችን የእድር ዳኛ ነበሩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ወጣቱ በመጠጥ አለቀ እያሉ በእድር ስብሰባ የሚመክሩን እሳቸው ናቸው። ለካ እሳቸውም ርቀቱን ወደውት ነው የመጡት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በአንድ ታክሲ እየሄድን እንደማንተዋወቅ ሆንን። እሳቸው ጋቢና፣ እኔ ከኋላ። ክፍሉ ውስጥ የሚናገሩትን አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፤ ሰኞ በሥራ ቦታዬ በር ሲያልፉ ግን ምንም እንዳልነበረ “አከም ቡልቴ?” ብለው እንዴት አደርክ ይሉኛል፣ እኔም ጎንበስ ብዬ እመልሳለሁ። ከመጠጡ ይልቅ ያ ድብብቆሽ አደከመኝ።

የእሳቸው ጭንቅ ግን ከእኔ ይከፋ ነበር። አስታራቂ ናቸው። ጎረቤት ሲጣላ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዕርቁ ሲያልቅ ደግሞ አረቄ ይቀርባል። ታላቁ ሽማግሌ መለኪያውን ይዞ ይመርቃል፣ ቀመስ ያደርጋል፣ በቀኙ ለተቀመጠው ያሳልፋል። ስብሰባ ከጀመሩ ወዲህ አመመኝ እያሉ ከዕርቅ ሲሸሹ ከርመዋል። አንድ ቅዳሜ ከሱሉልታ ስንመለስ፣ አዲሱ ገበያ ታክሲ እየጠበቅን፣ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ እንዳደረጉ አናገሩኝ።

“ነገ ሰፈራችን፣ ገፈርሳ አጠገብ ዕርቅ አለብኝ። ወንድማማቾች ናቸው፣ ልሸሽ አልችልም። መጥተህ ከጎኔ ተቀመጥ። አንተ እያየኸኝ አልቀምሰውም።”

እሑድ የማርፍባት ቀኔ ነበረች፤ እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ከባሕር ዛፉ ሥር በቀኛቸው ተቀመጥኩ። ወንድማማቾቹ ከብዙ ክርክር በኋላ ተሳሳሙ፣ አረቄውም መጣ። ሽታው ካመጣው ሰው ቀድሞ ደረሰኝ፤ አፌ ውኃ ሞላ። ሽማግሌው መለኪያውን ይዘው ቆሙና በኦሮምኛ መረቁ፤ ከብቱ ይርባ፣ ድንበሩ ይጽና፣ ልጆቻችሁ አይካሰሱ። እኛም “ሃ ተኡ”፣ ይሁን እያልን ተቀበልን። ጨረሱ፣ ወደ አፋቸውም አላስጠጉትም። እፎይ ልል ስል፣ እጃቸው የዕድሜ ልክ ልማዱን ተከትሎ መለኪያውን ወደ ቀኝ ዘረጋው።

“እንካ ልጄ፣ ቅመስ” አሉኝ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። የተመረቀበትን መለኪያ አለመቀበል ምርቃቱን መግፋት ነው። ያደረጉትን ያወቁት መለኪያው ደረቴ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ተናደድኩባቸው፣ አዘንኩላቸውም። ከንፈሬን ብቻ ባስነካ ማንም ምንም አይልም ነበር፤ እኔ ግን ከንፈሬ ላይ እንደማይቆም አውቃለሁ።

“አባቴ፣ እኔም እንደ አንቱ ትቻለሁ” አልኳቸው።

ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ያን ሁሉ መንገድ የተንከራተትንለት ምስጢር በገዛ ሰፈራችን ሰው ፊት ወጣ። ታላቅየው ወንድም ሽማግሌውን አየ፣ መለኪያውን አየ። እሳቸው መለኪያውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

“እውነቱን ነው፤ አሸንፎኝ ነበር” አሉ። “ሱሉልታ እየሄድኩ ነው የተውኩት።”

ማንም አልሳቀም። ከቤት ውኃ በጣሳ መጣና በእሱ እንደገና መረቁ፤ ጣሳው ከእኔ ጀምሮ ዞረ። ታናሽየው በውኃ የታረቀ አይጸናም ብሎ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ጠጣ።

ወሬው ሰኞ ሳይነጋ ሰፈሩን አዳረሰ። ምን እንደተባለ አልጠየቅኩም፤ ለዕርቅ የሚጠራቸው ሰው እንደቀነሰ ግን አየሁ፣ ጥፋቱም የእኔ አፍ መስሎ ተሰማኝ። ድብብቆሹ ሲያልቅ መንገዱም የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ ቡራዩ ውስጥ ግን ስብሰባ የለም። ቅዳሜ እንደወትሮው ደክሞኝ ታክሲ ተራ ሄድኩ። ጋቢና ባዶ ነበር። ሽማግሌው ከኋላ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን በቀኛቸው ባለው ወንበር ላይ አድርገዋል። ረዳቱ ሌላ ተሳፋሪ ሊያስቀምጥበት ባርኔጣውን እንዲያነሱለት ጠየቃቸው።

“ሰው አለው” አሉት።