ኡኬ ላይ የተቀመጥነው ለቅሶ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ወሩ ሰኔ ነበር። ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ያ ሰኔ ይመጣብኛል። ለሰው ሳወራው ግማሹን እዘላለሁ። አንዳንዱ ነገር በአፍ ሲነገር ያሳፍራል፤ በጽሑፍ ግን ይቀላል።

የምኖረው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። እናቴ የወሎ ሰው ናት። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወንድሟ ጋር አንገር ጉቲን መጥታ፣ በኋላ አባቴን አግብታ ነቀምቴ ቀረች። ታላቅ ወንድሟ ሰይድ ግን እዚያው ጉቲን እርሻው ላይ ነው። እሷ በትዳር ክርስቲያን ሆነች፣ እሱ እስላም ነው። በእኛ ቤት ይህ የሚያነጋግር ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

በዚያ ሰኔ እናቴ ታመመች። ሐኪሞቹ ሆዷ ውስጥ እጢ አለ፣ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት አሉ። እናቴ ግን "ሰይድን ሳላይ አልቀደድም" ብላ ድርቅ አለች። የጉቲን ስልክ እንደ ልብ አይሠራም። እንግዲህ እኔው ሄጄ ላመጣው ተነሳሁ። እናቴን ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ዘነበች አደራ ሰጥቼ ወጣሁ። ጉቲን አድሬ በማግስቱ ከአጎቴ ጋር ለመመለስ ነበር ሐሳቤ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መታፈን አልችልም። ሰው የሞላበት፣ በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ስሆን ደረቴን የሆነ ነገር ይይዘኛል። የክረምት ትምህርቴንም ያቋረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የፈተና አዳራሹ በር ሲዘጋ ወረቀቴን ጥዬ ወጣሁ።

ጉቲን አድሬ በማግስቱ ጠዋት አጎቴን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከፊታችን ወንበር ላይ አንድ ህንዳዊ ተቀምጠዋል። ዶክተር ራጉ ይባላሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፣ የአፈር ጥናታቸው የገበሬ ማሳ ላይ ስለሆነ ወደ ጉቲን ይመላለሳሉ። ኦሮምኛውን ከገበሬዎች ለምደውታል፤ አማርኛቸው ግን ትንሽ ነው፣ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚሉት። መኪናው ሊነሳ ሲል ስልካቸው ጮኸ። በአገራቸው ቋንቋ ጥቂት ካወሩ በኋላ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። እኔም ልብ አላልኩትም።

ኡኬ የምትባል ትንሽ ከተማ ስንደርስ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሮ አገኘን። አንድ የታጠቀ ወጣት ወደ ሹፌሩ መስኮት ጠጋ ብሎ፣

"ማለፍ የለም፣ መመለስም የለም" አለው።

"እስከ ስንት ሰዓት?"

"አላውቅም።"

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። የማንም ስልክ አይሠራም ነበር። ከኡኬ ነቀምቴ ቅርብ ነው፣ በደህናው ቀን ተጫውተው ሳይጨርሱ የሚደርሱበት መንገድ ነው። እናቴ እዚያ ናት። እኔ ደግሞ እዚህ፣ ከገመዱ ወዲህ።

የመጀመሪያውን ቀን ሁላችንም "አሁን ይከፈታል" እያልን መኪናው ውስጥ ዋልን። ሲመሽ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት አልጋ ቤታቸውን ከፈቱልን። ወንዶቹ አዳራሹ ውስጥ፣ ሴቶቹ ደግሞ መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ተደረደርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እኔ ከበሩ ሥር ተኝቼ አፍንጫዬን ወደ ስንጥቁ አስጠግቼ አደርኩ።

በማግስቱም አልተከፈተም። ከተማዋ ጭር አለች። ሱቆቹ በግማሽ ተከፍተው ዋሉ። "ነገ ነው" የሚል ወሬ ይመጣል፣ ነገ ይነጋል፣ ገመዱ እዚያው ነው። በእግራቸው ሊሄዱ የሞከሩ ሁለት ነጋዴዎች ከዳገቱ ተመለሱ። እኔ ግቢው ውስጥ ከአጥር አጥር እመላለስ ነበር። እናቴ ብትሞትስ? እኔን ስትጠብቅ ሕመሙ ቢጠናባትስ? ወንድምሽን አመጣልሻለሁ ብዬ ወጥቼ፣ እሱም እኔም እዚህ ታጉረናል።

ዶክተር ራጉ ግን ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። ገና ጎህ ሲቀድ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥበው፣ እግራቸውን አጣጥፈው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከጉሮሯቸው እንደ ንብ ያለ ድምፅ ያወጣሉ። አጎቴ እዚያው አጠገብ ሰላቱን ይሰግድና በጎን ያያቸዋል።

"አንቺ ልጅ፣ ይኸ ሰውዬ ድግምት ነው እንዴ የሚደግመው?" አለኝ።

"ጸሎታቸው ይሆናል፣ ጋሼ።"

"ምን አለበት! አገሩ ሰላም፣ ቤተሰቡ ሰላም። እዚህ ተቀምጦ ይዘምራል። እህቴ እኮ ናት እዚያ የተኛችው!"

አልጋ ቢሰጧቸውም ዶክተሩ እምቢ ብለው ወለል ላይ ነው የሚተኙት። የሚበሉትም በቀን አንዴ ነው፣ እሱም ጨው አይነካውም። ሰው ሁሉ "ህንዶች እንዲህ ናቸው" ብሎ ተወው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ መጣና ግቢ የነበረው ሰው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ገባ። በሩ ተዘጋ። አንዱ ሲጋራ ለኮሰ። ያኔ ደረቴ ተያዘ። እጄ ደነዘዘ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ዓይኔ ጨለመ። ልቤ ሊቆም ነው ብዬ አሰብኩ። "በሩን ክፈቱልኝ!" እያልኩ ጮህኩ መሰለኝ። ነጠላዬ ከላዬ ወድቋል። ተማሪዎቼ ያንን ቢያዩ ኖሮ አላውቅም ምን ይሉኝ እንደነበር።

አጎቴ "ውኃ! ውኃ አምጡ!" እያለ ሲራወጥ ዶክተር ራጉ መጥተው ፊቴ በርከክ አሉ። በሩን አስከፈቱት። እጄን ሳይዙ፣ ሳይቆጡ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ያናግሩኝ ጀመር።

"ኦቦሌቲ፣ እኔን እይ። ሀፉራ ባሲ።"

እህቴ፣ ትንፋሽሽን አውጪ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ማስገባት ነበር የምፈልገው። አየር የለም፣ እንዴት ነው የማወጣው?

"መጀመሪያ አውጣ። ሱታ። ሱታ።" ቀስ፣ ቀስ እያሉ እጃቸውን ወደ ታች ያወርዳሉ። "አሁን ሀፉራ ጋልቺ።"

አስገቢ ማለታቸው ነው። እኔ እንደ ሕፃን እሳቸውን እያየሁ አወጣሁ፣ አስገባሁ። አሥር ጊዜ ይሁን መቶ ጊዜ አላውቅም። ቀስ በቀስ ጣቶቼ ተመለሱልኝ። ከዚያ አለቀስኩ።

ዝናቡ ሲያባራ በረንዳው ላይ አስቀመጡኝ። አጎቴ ከአጠገባችን ሆኖ ከገበሬ ኦሮምኛቸው ያልገባኝን ያስረዳኝ ነበር።

"እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ የእናንተን ጸሎት አልችልም" አልኳቸው። ከልቤ ነበር የፈራሁት።

ሳቅ አሉ። "ትንፋሽ የህንድ አይደለም። አንተ ማርያም በል። ስታስገባ ማርያም፣ ስታወጣ ማርያም።"

ከዚያ አባቶቻቸው ስላስተማሯቸው ነገር ነገሩኝ። ሰው የራሱን ሥራ በሙሉ ልቡ መሥራት አለበት፣ የሥራው ፍሬ ግን በእጁ አይደለም። እጁ ውስጥ የሌለውን ሲጨብጥ ነው የሚታመመው። አንቺ አጎትሽን ልታመጪ ወጣሽ፤ ያንቺ ሥራ እሱ ነበር፣ ሠርተሽዋል። መንገዱን መክፈት ያንቺ ሥራ አይደለም። አሳባቸው ይህ ነበር።

"እናቴ ብትሞትስ?" አልኳቸው።

እጃቸውን ስልካቸው ወዳለበት ኪስ ሰደዱ። አጎቴ እንኳ ቀና ብሎ አያቸው።

"ያን ጊዜ ታለቅሳለህ። ዛሬ ግን ያልሞተ ሰው አትቅበር" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ራጉ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄደው ሲመለሱ ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተዋል። ጢማቸውም የለም። የግቢው ሰው አይቶ ሳቀ። ሹፌራችን "ዶክተር፣ ቅማል ነው ወይስ ሙቀት?" አላቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው አለፉ።

አጎቴ ግን አልሳቀም። ቀና ብሎ ትኩር ብሎ ካያቸው በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

"ልጄ፣ ይህ ሰው ሐዘን ላይ ነው።"

"እንዴት አወቅህ?"

"ራሱን ተላጨ። መሬት ይተኛል። እህል ንቋል። እንግዲህ ይኸ ምንድን ነው? እኛስ ሰው ሲሞትብን እንዲሁ አይደለም የምንሆነው?"

ተነስቶ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። በኦሮምኛ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ዶክተሩ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ አጎቴ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ "ኢና ሊላሂ! ወይኔ ወንድሜን!" ሲል ግቢው ሁሉ ዞረ።

ከጉቲን ስንነሳ የተደወለላቸው ስልክ የአባታቸው መርዶ ነበር። እሳቸው የበኩር ልጅ ናቸው። በአገራቸው ሥርዓት የአባትን አስከሬን የሚያቃጥለውን እሳት የሚለኩሰው የበኩር ልጅ ነው፣ አስከሬኑም ብዙ አይቆይም። እሳቸው ግን ገመዱ ሥር ከእኛ ጋር ታግተው ቀሩ። ታናሽ ወንድማቸው ለኩሶ ይሁን፣ እሳቸውን እየጠበቁ ይሁን የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ይህንን ሁሉ ይዘው ነው ፊቴ በርከክ ብለው መተንፈስ ያስተማሩኝ።

አዴ ጫልቱ ማንንም አላማከሩም። አግዳሚ ወንበሮቹን ከአዳራሹ አስወጥተው በረንዳው ላይ ደረደሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቁጭ አሉ። "ዋቅኒ ሲን ሃ ጀጀቤሱ፣" አሏቸው፤ እግዜር ያበርታዎት። ሌሎቹም መጡ። መንገደኛው፣ ሹፌሩ፣ የሱቅ ነጋዴዎቹ፣ ከሰፈሩም ወሬውን የሰማ ሁሉ መጣ። አንዱ ጋቢ አለበሳቸው። ያ ገመዱ ጋ የነበረው ወጣት እንኳ መሣሪያውን ለጓደኛው ሰጥቶ መጥቶ ጥቂት ተቀምጦ ሄደ።

አጎቴ የሟች ወንድም ይመስል ከጎናቸው አልተነሳም።

"አባትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ንገረን እስቲ" አላቸው።

ዶክተሩ አባታቸው ባቡር ጣቢያ ይሠሩ እንደነበር፣ ባቡር ያመለጠውን መንገደኛ ሁሉ ቤታቸው ወስደው ያበሉ እንደነበር ተናገሩ። እናታቸው "ዛሬስ ስንት ሰው አመጣህ?" እያሉ ይቆጡ ነበር። ይህንን ሲናገሩ ጋቢውን ፊታቸው ላይ ሳቡና አለቀሱ። እኛም አለቀስን። እኔ ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም፣ ለሳቸው አባት ይሁን ለእናቴ።

የዚያን ቀን ደረቴ አልተያዘም። በሰው መሐል ተጨናንቄ ተቀምጬ ነበር፣ መንገዱም እንደተዘጋ ነው። ግን እተነፍስ ነበር።

መንገዱ ከዚያም በኋላ ወዲያው አልተከፈተም። ጠዋት ጠዋት ከዶክተር ራጉ ኋላ እየተቀመጥኩ ማርያምን እየጠራሁ እተነፍሳለሁ። አንዳንዴ ይይዘኛል፣ አንዳንዴ ይለቀኛል። ገመዱ የተነሳ ዕለት ማንም አልጨፈረም። ሹፌሩ ብቻ "ግቡ" አለን።

ነቀምቴ እንደደረስን ሆስፒታል ሮጥን። እናቴ ለካ እኛ ኡኬ በገባን በአራተኛው ቀን ጠዋት ሕመሙ ስለጠናባት ሳትጠብቀን ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላት ነበር። ወይዘሮ ዘነበች ከአጠገቧ አልተለዩም። እኔ አዳራሹ ውስጥ "በሩን ክፈቱልኝ" ስል እናቴ ነቀምቴ ላይ ከሰመመኗ ነቅታ "ውኃ ስጡኝ" እያለች ነበር። ወንድሟን ስታየው ከአልጋዋ ሳትነሳ፣

"ሰይድ፣ ሳትመጣ ቀደዱኝ እኮ!" አለችው። እሱም እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ዶክተር ራጉ ወደ አገራቸው ሄደው የአባታቸውን አመድ ወንዝ ውስጥ በተኑ። ተመልሰው ጥቂት ጊዜ አስተማሩና ውላቸው ሲያልቅ ጠቅልለው ሄዱ። በዚያ መሐል ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ጋ እየሄድኩ እንደሳቸው ተቀምጦ መተንፈስ ተማርኩ። ሰፈር ውስጥ "ሃይማኖቷን ለወጠች" ተብሏል። የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ማርያምን እየጠራሽ ከሆነ ምን ቸገረኝ" አሉኝ። ያቋረጥኩትን ትምህርትም ጨረስኩ። የፈተናው በር ሲዘጋ አሁንም ልቤ ይመታል፣ ግን ወረቀቴን ጥዬ አልወጣሁም።

መንገዱ ዛሬም አንዳንዴ ይዘጋል። እኔም ዛሬም እፈራለሁ፤ ፍርሃቴ ጠፋ ብል ውሸት ነው። ሰላም ያገኘ ሰው ምንም የማይሰማው ይመስለኝ ነበር። እኚያ ሰው ግን አባታቸው ሞተው፣ ማልቀሻ ቦታ እንኳ አጥተው፣ የእኔን ትንፋሽ ሲጠብቁ ዋሉ። በዚያ ሰዓት ከእኔ የባሱ እስረኛ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ግን አላወቅኩም። አሁን አንድ ሰው ጸጥ ብሎ ሳየው ምን ይዞ ይሆን ብዬ እጠይቀዋለሁ።