የአባቴ ፑሌጃ ጃፓን አልተሠራም

ማክሰኞ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ የደረስኩት በቦርሳዬ ሦስት ወረቀት ይዤ ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። «ይህን የወፍጮ ፑሌጃ አስበው የሠሩት አቶ ካሴ መሆናቸውን እመሰክራለሁ» ይላሉ፤ ከሥር የስም፣ የፊርማና የጣት አሻራ ቦታ አላቸው። ካሴ አባቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ብረት የሚቀርጽበት ቶርኖ ቤት አለው። እኔ ሙሉጎጃም የመጨረሻ ልጁ ነኝ፤ አዲስ አበባ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። መንገዱ ሰሞኑን ሲዘጋ ሲከፈት ስለከረመ «ዛሬ ክፍት ነው» ሲሉኝ ሳላመነታ ስምንት መቶ ብር ከፍዬ ተሳፈርኩ።

የጉዞው ምክንያት የሚጀምረው ካለፈው ፋሲካ ነው። ለበዓል ወደ ቤት ስሄድ ማጠፊያው የተሰበረ የደንበኛ ላፕቶፕ ይዤ ነበር። አባቴ ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። «ባቆሙት ቦታ ቀጥ የሚለው ለምንድን ነው?» አለኝ። ፈትቼ አሳየሁት። በማጠፊያው ውስጥ በብረት ሞላ የተጨመቁ ትናንሽ ቀለበቶች አሉ፤ እርስ በርስ ተፋትገው ክዳኑን ይይዙታል፤ ጠንከር ብለው ሲገፏቸው ደግሞ ይለቃሉ። አባቴ ቀለበቶቹን መዳፉ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ አፋተጋቸው።

«ይኼ ለወፍጮ ይሆናል» አለ።

ወፍጮ ቤት ለማያውቅ ላስረዳ። ሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞረው ፑሌጃ በተባለ የብረት መዘውር ላይ በሚዞር ቺንጋ፣ በወፍራም የጎማ ቀበቶ፣ ነው። ከእህሉ ጋር ጠጠር ወይም ምስማር ከገባ ወፍጮው ይያዛል፤ ሞተሩ ግን መጎተቱን አይተውም። ያን ጊዜ ቺንጋው ተበጥሶ እንደ ጅራፍ ይገርፋል። ሮብ ገበያ በምትባል የደጋ ከተማ ወፍጮ ያላቸው እትዬ አንጓች የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ግራ እጃቸውን ያጡት እንዲህ ነው፤ እጁ አለ፣ ግን አይታዘዝም። አባቴ በሁለት ወር ውስጥ ሆዱ በተጨመቁ ቀለበቶች የተሞላ ፑሌጃ ሠራ። ወፍጮው ሲያዝ ፑሌጃው ባለበት ይንሸራተታል፣ ቺንጋውም ይተርፋል። የያዘው ነገር ሲወጣ መልሶ ይጨብጣል። ሦስት ሠርቶ ለሉማሜ፣ ለይጁቤና ለሮብ ገበያ ሸጠ።

ከመሸጡ በፊት ለማየት ስሄድ ላፕቶፔን ገልብጦ ከሥሩ ስለተደረደሩት ቁጥሮች ጠየቀኝ። የፓተንት ቁጥር ነው፣ ነገሩን ያሰበ ሰው መብቱን ያስመዘገበበት ነው አልኩት።

«ለማጠፊያዋም?»

«ለማጠፊያዋም።»

«የኔስ?» አለ። በስልሳ ሰባት ዓመቱ ለራሱ አንድ ነገር ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማመልከቻውን ጻፍኩ፣ ፑሌጃውን ፎቶ አንስቼ ለፓተንት ቢሮው አስገባሁ። ከወራት በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ አጉልቶ በጨዋነት አሳየኝ። ፑሌጃው ጠርዝ ላይ በባዕድ ፊደል «ሜድ ኢን ጃፓን» ይላል። «አባትሽ ከሸጡት ዓመት አልሞላውም፤ እሱን ሕጉ ይታገሣል» አለኝ። «የጃፓኑን አይተው ሠርተው ከሆነ ግን ፈጠሩ አይባልም። የራሳቸው መሆኑን የሚያውቅ ምስክር አምጪ።» የቀረኝ አሥር ቀን ነበር።

ፊደሉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ዘራችን ቀጥቃጭ ነው። አያቴ በሮብ ገበያ ዙሪያ ላለው ለስናን ገበሬ ሁሉ ማረሻ ሠርቷል፤ ማረሻውን ወሰዱ፣ ማዕዱን ግን የቆረሰ የለም። ማረሻ አፈር ውስጥ ስለሚገባ ግድ የላቸውም። ዱቄት አጠገብ የሚሽከረከር ነገር ሲሆን ግን «የቡዳ እጅ ነክቶታል» ብለው ሴቶቹ ወፍጮ ቤቱን ይሸሻሉ። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። «የውጭ ነው ብንል ይሻላል» አለኝ፤ እኔም የላፕቶፑን ጀርባ እያየሁ ጻፍኩለት። በሥራዬ ኮርቼም ነበር፤ ፊደሉ ያምር ነበርና።

ሉማሜ፣ ስምንት ሰዓት

የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ደጀንን አልፈን፣ ጤፉ ቢጫ በሆነበት ሜዳ ነድተን ሉማሜ ስንደርስ ወረድኩ። ባለወፍጮው አያ ሽባባው ወፍጮ ቤታቸው በር ላይ ምሳ ቀርቦላቸው አገኘኋቸው። «ነይ፣ ብይ፣ እንግዳ ቆሞ አይበላም» ብለው ለእጄ ውሃ አስፈሰሱልኝ። ሽሮው ትኩስ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አጎረሱኝ። የካሴ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ፑሌጃውን አመሰገኑ፤ ከገጠሙት ወዲህ ቺንጋ እንዳልገዙ ነገሩኝ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን አወጣሁ።

አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «አባትሽ ጃፓን ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ።»

«ውሸት ነው አያ ሽባባው። ፊደሉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። የቀጥቃጭ እጅ ነው እንዳይባል ፈርተን ነው።»

ሰሃኑን አዩት። ከዚያ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «እኔ ጠግቤያለሁ፤ አንቺ ጨርሺ» አሉኝ። ከእንጀራው ሩቡም አልተነካም ነበር።

«ያኔ ዋሽታችሁኛል ማለት ነው» አሉ፤ ቁጣ የላቸውም። «አሁን እውነቱን መናገርሽን በምን አውቃለሁ? ወረቀትሽ እመሰክራለሁ ይላል። ያላየሁትን መስክሬ ከፈጣሪ ልጣላ?»

ወረቀቱን አጥፌ ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ እኔ ግን ቁናው እንዲህ ቶሎ ይመለሳል ብዬ አልጠበቅሁም። ሻይ ቤት ገብቼ ለይጁቤው ባለወፍጮ ደወልኩ። እሱ እንዲያውም አጭር ነበር፤ «ጃፓን ካልሆነ ሰው እንዳይሰማ፤ ሁለተኛ እንዳትደውዪ» ብሎ ዘጋው። ከሦስቱ ወረቀት አንድ ቀረኝ።

ሮብ፣ ሮብ ገበያ

ማርቆስ አባቴ ቤት አድሬ በማግስቱ በሚኒባስ ሽቅብ ወጣሁ። የጮቄ ተራራ ጉም ገና አልተነሣም ነበር። ድንቹን፣ ገብሱን፣ እንግዶ የሚባለውን የደጋ እህል የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው ሹፌሩ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ ነዳ። አባቴ ልከተልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት። እዚያ ዘሩን ያውቁታል፤ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ እንዲያይ አልፈለግሁም።

የገበያ ቀን ስለሆነ እትዬ አንጓች ወፍጮ ቤት ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ማዳበሪያቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። እትዬ አንጓች በአንድ እጃቸው እህል ይገለብጣሉ፣ ዱቄት ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ የመጣሁበትን ጮኬ ነገርኳቸው። እሳቸውም ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ጮኹ።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄ ነው የገጠምኩት! እጄ ከተመታ ጀምሮ ሲመላለስ፣ ሲለካ፣ በወረቀት ሲስል የከረመው አባትሽ አይደለም እንዴ? ጃፓን የኔን እጅ የት አየውና!»

ወረቀቱን ሳወጣ ግን ሞተሩን አጠፉት፤ ጸጥ ሲል እሳቸውም ጸጥ አሉ። ሴቶቹ ያዩናል። እትዬ አንጓች ዱቄት ያራግፉ ጀመር።

«እትዬ፣ አሁን ያሉኝን ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

«ምን አልኩ?» አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አታስጨርሺኝ ልጄ። የምበላው ከዚህ ነው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ መውጣት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ከትናንት ጀምሮ ያ ያልተነካ እንጀራ ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። ወደ ሴቶቹ ዞርኩና «ይህን ፑሌጃ ያሰበውም የሠራውም አባቴ ካሴ ነው! ጃፓን አይደለም! ይህን ሁሉ ወር በቀጥቃጭ እጅ ሥራ አስፈጭታችሁ በልታችኋል፤ ማን ሞተ?» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የተቆጣ አልነበረም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አንዷ ማዳበሪያዋን አነሣች፤ ሌላዋ ተከተለች። እየተጋገዙ ተሸከሙ፣ አህያ ጫኑ፣ ቁልቁል ወዳለው ሌላ ወፍጮ ቤት ሄዱ። አንዲት አሮጊት በአጠገቤ ሲያልፉ «አይክፋሽ ልጄ፣ ለልጅ ልጆቼ ፈርቼ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ሰውን እንዲህ በትሕትና ሲያዋርዱት ምን ይባላል?

እትዬ አንጓች ባዶውን ቤት አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «በይ አምጪው ወረቀትሽን። አሁንማ ምን ቀረኝ?» የጣት አሻራቸውን ሲያኖሩ ዱቄት ከቀለሙ ጋር ተለወሰ። ፑሌጃውን አስፈትተው አስይዘውኝ አሮጌውን ከጥግ እየጎተቱ አወጡ። «ዛሬውኑ ካልቀየርኩት የሚመለስ የለም» አሉ።

ማርቆስ

አባቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ስሙ ያለበትን መስመር በጥፍሩ ተከተለው፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ለመግለጽ አልሞክርም። ከዚያ እንዴት እንደፈረሙ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እራት ቀርቦ ነበር፣ ቀዘቀዘ።

«አሮጌውን ገጠመችው ነው የምትይኝ?»

«አዎ አባባ።»

«በአንድ እጇ?»

የተሸከምኩትን ፑሌጃ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

ሐሙስና ዓርብ ቶርኖው ላይ ዋለ፤ ለደንበኛ ሥራ አልነበረም፤ ፑሌጃውን ፈትቶ ቀለበቶቹን አጠበ፣ ቀባ፣ መልሶ ገጠመ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፑሌጃውንና የመቅረጫውን መርፌ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

«ፊደሉ ደብዝዟል» አለ። «ጠለቅ አድርጊው።»

«አባባ፣ ወረቀቱ እኮ ተፈርሟል። ይኸው አንድ ምስክር አለን። ስምህ ይመዘገባል።»

«ስሜ ቺንጋ አይይዝም» አለ። «ጻፊ።»

አለቀስኩ፤ ግን ጻፍኩ። እንባዬ እንዳይወርድበት ፑሌጃውን ራቅ አድርጌ ይዤ አንድ በአንድ፣ ካለፈው ዓመት በእጥፍ አጥልቄ ቀረጽኩት።

ቅዳሜ፣ እንደገና ሮብ ገበያ

ቅዳሜ ትንሹ ገበያ ነው። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ፑሌጃውን በማዳበሪያ ይዞ ከፊቴ ሄደ። እትዬ አንጓች ወፍጮ ቤት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ እሱን ሲያዩ ከውጭ ሌሎቹ ተሰበሰቡ። አሮጌው ፑሌጃ ላይ ቺንጋው ሲንቀጠቀጥ ከበር ይታያል።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። «እናቶቼ፣ ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ነው» አለ። «ልጄ ከተማ ተቀምጣ ዕውቀት በዛባት። አባቷን ላክብር ብላ የሌለ ነገር አወራች። እኔ ድሃ ቀጥቃጭ ይህን የመሰለ ነገር ከየት አምጥቼ እሠራለሁ? ማረሻ ቢሆን እሺ!» አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ፑሌጃውን አውጥቶ ለአንድ መንገደኛ መምህር አቀበለው። መምህሩ ጠርዙን አገላብጦ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ሜድ ኢን ጃፓን ይላል።»

አባቴ ወደኔ ዞረ። ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። «አይደለም እንዴ ሙሉዬ?»

ሁሉም አዩኝ። እትዬ አንጓችም አዩኝ፤ የማይታዘዘውን እጃቸውን በጤነኛው ይዘውታል።

«አዎ አባባ» አልኩ። «ጃፓን ነው።»

ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤቱ ግማሽ ሞላ። ፑሌጃውን የገጠመው መምህሩ ነው፤ አባቴ ከበሩ ውጭ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ የትኛውን ቡሎን ማጥበቅ እንዳለበት በቃል ይነግረው ነበር። እንዲነካው የጠየቀው ሰው የለም። እሱም አልጠየቀም።

አዲስ አበባ

ሰኞ ማለዳ ስሰናበት አባቴ በጨርቅ የጠቀለላት ትንሽ ነገር እጄ ላይ አኖረ። የነሐስ የላፕቶፕ ማጠፊያ ናት፤ በትርፍ ሰዓቱ የሠራት። «ለሥራሽ ትሁንሽ» አለኝ። በመንገዱ ሁሉ፣ ዓባይን ስንወርድም ስንወጣም፣ በመዳፌ ይዤ ስከፍታት ስዘጋት መጣሁ። ባቆሟት ቦታ ቀጥ ትላለች።

ወረቀቱን ለመርማሪው አላስገባሁም፤ አሥሩ ቀን አለፈ። ዱቄት የነካው አሻራ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ይህን ሁሉ የገጠር ሰው ድንቁርና ነው ብዬ ለራሴ እየነገርኩ፣ ከተማ በመመለሴ እየተጽናናሁ ሱቄን ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ደንበኛ ክራባት ያሰረ፣ የተማረ ወጣት ነው፤ የላፕቶፑ ማጠፊያ ተሰብሯል። የነሐሷን ገጠምኩለት። ክዳኑን ከፍቶ ዘግቶ ሞከረ፣ ወደዳት። «ከኦሪጅናሉ ትሻላለች!» አለ። «የት ነው የተሠራችው?»

ሐሰት ይበቃኛል ብዬ ነበር። «ደብረ ማርቆስ፣ አባቴ ነው የሠራት» አልኩት።

ክዳኑን ቀስ ብሎ ዘጋው። ላፕቶፑን ወደኔ ገፋ አደረገው።

«ግዴለም» አለኝ፣ «የውጭውን አድርጊልኝ።»