ስክሪን በመሐረብ የሚጠርጉት ሰውዬ

ሱሉልታ፣ የወይንሐረግ ኮፒ ቤት፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን ተናግረው አያውቁም። ኮድ መጻፍ እየተማሩ ነው፤ በዚያ ዕድሜ! ዛሬ የመጀመሪያ ፕሮግራማቸውን፣ ለእሁዱ መታሰቢያ የዕድሩን ሟቾች በፊደል ተራ እንዲደረድር አዘዙት። ስክሪኑ ግን የተሰባበረ የላቲን ፊደልና ጭረት ዘረገፈባቸው።

"ኤጭ! ትውከት!" አሉ፣ የበሰበሰ ነገር የነኩ ይመስል ጣታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። "ስንት የተከበረ ሰው ነው እኮ እዚህ ውስጥ ያለው!"

የኮፒ ቤቱ ባለቤት የወይንሐረግ ፋይሉን ከፍታ አየችው።

"አባቴ፣ ፕሮግራምዎስ ጤነኛ ነው። ስሞቹን የጻፉት በድሮው ፎንት ነው፤ ላዩ አማርኛ ይመስላል እንጂ ከሥሩ የፈረንጅ ፊደል ነው። በአዲሱ እንደገና መጻፍ አለባቸው።"

"መቶ አርባውም?"

"ሁሉም።"

"ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ሃያ ዓመት ሙሉ የዕድሩ ጸሐፊ ሆኜ ቆሻሻ ስጽፍ ኖሬያለኋ!"

ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉ። ከ"ሀ" አልጀመሩም። "ጂቱ ቦሩ" ብለው የሟች ሚስታቸውን ስም ብቻ ጻፉና ፕሮግራሙን አዘዙት። ጥርት ብሎ ወጣ።

ስክሪኑን በዚያው መሐረብ ፈተግ ፈተግ አደረጉት፤ ስሟ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ዝግ አለ።