ጎላንዳም የጎነጨችው ሻይ

መጀመሪያ ገበሩን ወለሉ ላይ ትዘረጋለች። አራቱን ጥግ ወጥራ ጫማዋን ታወልቅና በጉልበቷ ትገባበታለች። የተነደፈውን ጥጥ በእፍኝ እያነሳች ትደለድላለች፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ታበዛለች፣ ብርድ የሚገባው በዚያ ነውና። ከዚያ ሳቲኑን ታለብሰውና በቀጭን ዱላ ትመታዋለች፤ ጥጡ ካልተያያዘ ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ጎን ይከመራል። ስፌቱን በረጅም መርፌ ከመሃል ትጀምርና እየዞረች ወደ ዳር ትወጣለች። ከዳር የጀመረ ሰው መሃሉ ላይ ጨርቁ ይኮማተርበታል።

ጎላንዳም ኾረማባድ ከተማ ውስጥ ከድልድዩ ማዶ ባለችው ሱቅ የጥጥ ብርድ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ኪዩማርስን ያሳደገችው በዚሁ መርፌ ነው። ዘንድሮ ግን የሰፋችውን እየተረተረች ትደግማለች። ኪዩማርስ ሚኒባስ ተራ ላይ ተጣልቶ አርደላን የሚባል የሰፈሩን ልጅ በጩቤ ወጋው፤ አርደላን ሞተ። ፍርዱ ስቅላት ነው። ገመዱን ሊያስቀር የሚችለው የሟች እናት የፋራንጊስ ምሕረት ብቻ ነው። በመጋቢት የሚብተው አዲስ ዓመት ሳይገባ እንደሚፈጸም ተወርቷል፤ ቀኑን የነገራት ግን የለም። ስልክ በጮኸ ቁጥር መርፌው ከእጇ ይወድቃል።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌዎች ይዘዋት ፋራንጊስ ቤት ሄዱ። በእኛ ዘንድ ደም ሊያስታርቅ የሄደ ሰው የቀረበለትን ሻይ አይነካም። ከጠጣ ወይ የለመነውን አግኝቷል፣ ወይ ልመናውን ትቷል።

መንገድ ላይ የጎላንዳም ወንድም ያዱላህ ይመክራት ነበር። "ያ ፊልም ትዝ ይልሻል? የሚሰቀለው ልጅ እናት ከሟች እናት እግር ላይ ወድቃ አይደል ምሕረት ያገኘችው? አንቺም እንደዛ አድርጊ።"

ጎላንዳም ደጃፉን እንዳለፈች ፋራንጊስ እግር ላይ ተደፋች።

"ተነሺ" አለች ፋራንጊስ። "ፊልሙን እኔም አይቼዋለሁ። ተዋናይዋ ስትጨርስ ቤቷ ሄዳ እራቷን በልታለች። ሟች የተባለውም ተነስቶ ልብሱን ቀይሯል። የኔው ይነሳል?"

ሻይ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ ሐጂ ኖዘር ስለ ምሕረት መናገር ጀመሩና አስረዘሙት። ጎላንዳም ዓይኗን ከፋራንጊስ ፊት አልነቀለችም፤ ምንም አይነበብበትም። ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። ፊት ለፊቷ ያለውን ብርጭቆ አነሳችና ጎነጨች።

ሐጂ ኖዘር ንግግራቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

"ጠጣሽ" አለች ፋራንጊስ።

"አፌ ደርቆ ነው፣ የአርደላን እናት። ፈርቼ ነው። እጄን አላየሁትም።"

የፋራንጊስ ወንድም ብድግ አለ። "በቃ፣ ልመናዋን ትታለች! ሐጂ፣ ልማዱን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ጫማዎን ላቅርብልዎት?"

"አንተ ልጅ፣ የጠማውና ልመናውን የተወ አንድ ነው እንዴ?" አሉ ሐጂ ኖዘር።

"ተቀመጥ" አለችው ፋራንጊስ ወንድሟን። ጎላንዳምን ረጅም ጊዜ አየቻት። "ፈርታ ነው፣ ይታየኛል። የኔም ልጅ ጩቤውን ሲያይ እንዲህ ፈርቶ ይሆን እያልኩ ነው የምኖረው።" ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። "ዛሬ አልማርኩም፤ እምቢም አላልኩም። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ተመለሱ። ሐጂ፣ እርስዎም ስብከቱን ለጁምዓ ያቆዩት። እኔ ብምር የአርደላን ጓደኞች 'ረሳችው' ይሉኛል። እነሱ ራሳቸው መጥተው ይለምኑኝ። ካልመጡ፣ እኔም መልሴን አውቃለሁ።"

ጎላንዳም ከዚያ ወዲህ የአርደላን ጓደኞች የሆኑትን የሚኒባስ ሾፌሮች አንድ በአንድ እየዞረች ለምናለች። አንዳንዶቹ በር ዘግተውባታል። ሐሙስ ሳይደርስ ስልኩ ይጮህ ይሆን እያለች ትሰጋለች። ይህን እንደምጽፍ ስነግራት መርፌዋን አስቀመጠች።

"አርደላንን የምታውቁት፣ አብራችሁት የተማራችሁ፣ አብራችሁት የሠራችሁ፣ ልጄን ብትጠሉትም ኑ። ልጄን አታሞግሱልኝ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ፋራንጊስ ደጃፍ እጠብቃችኋለሁ። ሻይ ሲመጣ እንዳትነኩ። ደግሞ አንዳችሁ አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ያዙልኝ።"