በባዶ ክፍል የሚጮኸው ማይክ

ቅዳሜ፣ ከአምቦ ወደ ጊንጪ

ከአምቦ የወጣሁት አንድ የብስኩት ካርቶን ታቅፌ ነው። ካርቶኑ ውስጥ በእጄ የሠራሁት የድምፅ ማጉያ አለ። የማደርሰው ጎጆ ከተማ ለምታስተምረው ለጫልቱ ነው። ጫልቱ አምቦ ስትማር ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ትኖር ስለነበር ለእኔም ለባለቤቴ ለረሂማም እንደ እህት ናት። የእንቅርት ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ ድምጿ ተዘግቶ ቀርቷል። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች፤ ከፊት ወንበሮች አልፎ የሚሰማት ግን የለም። ርዕሰ መምህሩ ለእሷም ለተማሪውም ይሻላል ብለው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሊያዛውሯት አስበዋል። ከመወሰናቸው በፊት ሰኞ ክፍል ገብተው ሊሰሟት ተቀጣጥረዋል።

«መጽሐፍ ማዋስም ሥራ ነው፤ የእኔ ሥራ ግን አይደለም» አለችኝ በስልክ። ይህችን ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ መጫን ነበረብኝ።

እንጀራዬ ሞባይል መሸጥ ነው። ሱሴ ግን ሰርኪት ነው። ጎረቤቶቼ ማታ ማታ ኳስ ሲያዩ እኔ የብየዳ ካውያዬን አግዬ ሽቦ አያይዛለሁ። ረሂማ ጭሱን አትወደውም። «ከድር፣ ይሄ ሁሉ ሽቦ አንድ ቀን ለሰው ይጠቅም ይሆን?» ትለኛለች። ስለዚህ ይሄኛውን ስሠራ ተጠንቅቄያለሁ። ማጉያውን ቺፕ ከሞተ ቴፕ ነቀልኩት፤ ባትሪ ድንጋዮቹ ከአሮጌ ላፕቶፕ፣ ስፒከሩ ደግሞ ከመኪና በር የወጡ ናቸው። ማይኩ ነጠላ ላይ የሚሰካ ትንሽዬ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ስሞክረው ሹክሹክታዬ ኩልል ብሎ ወጣ። ረሂማም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጭሱ ምንም አላለችም።

ከጊንጪ ወደ ጎጆ

ጊንጪ ወርጄ የጎጆ መኪና ያዝኩ። ረዳቱ ካርቶኑን ፖርቶ መጋላ ላይ ካልጫንኩ አለ፤ እኔም እሱን ከምትጭን እኔን ጫነኝ አልኩት። በመጨረሻ ለካርቶኑ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍዬ አጠገቤ አስቀመጥኩት። አስፋልቱ ሲያልቅ ኮረኮንቹ ጀመረ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ የማስበው ስለ ወገቤ ሳይሆን ስለ ብየዳዬ ነበር።

መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። ፖሊሱ ካርቶኑን ከፍቶ ሽቦና ባትሪ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ኩን መሊ?» አለ፤ ይህ ምንድነው ማለቱ ነው።

«የአስተማሪ ድምፅ ማጉያ ነው፣ ኦቦ።»

«አስነሳው እስቲ።»

ሜዳው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት፤ ማይኩንም ለእሱ ሰጠሁት። ጉሮሮውን ጠርጎ «ተሳፋሪዎች፣ መታወቂያ አውጡ» አለ። ከገብሱ ክምር ማዶ የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ዞር አሉ። ፖሊሱ ሳቀ፣ ተሳፋሪውም ሳቀ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ጎጆ

ጎጆ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ጫልቱ መናኸሪያ ጠበቀችኝና ቤቷ ወስዳ የተቀቀለ ድንች በአይብና በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ አስባበት ነው። ከዚያ ከዘበኛው ቁልፍ ተቀብላ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደችኝ።

ክፍሉ ሲሚንቶ ወለል፣ ልስን ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ጫልቱ ማይኩን ነጠላዋ ላይ ሰካች፣ እኔ ቮልዩሙን ከፍ አደረግኩ። አፏን ሳትከፍት ማጉያው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት አወጣ። ሁለታችንም ጆሯችንን ያዝን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ግድግዳና ጣሪያ መትቶ ወደ ማይኩ ይመለሳል። ማጉያው የተመለሰውን ደግሞ ያጎላዋል። የሚመለሰው ከወጣው ካነሰ በየዙሩ እየደከመ ይጠፋል። ካላነሰ ግን ራሱን በራሱ እያሳደገ ይጮኻል። ፍተሻው ሜዳ ላይ የፖሊሱ ድምፅ ሄዶ ቀረ፤ የሚመልሰው ግድግዳ አልነበረም። ሳሎናችንም ምንጣፍና መጋረጃ አለው። እዚህ ግን ሲሚንቶና ቆርቆሮ የተሰጣቸውን ሁሉ ይመልሳሉ።

እሑድን በዚሁ ክፍል ጨረስነው። ስፒከሩን ከማይኩ ፊት አንስቼ ወደ ወንበሮቹ አዞርኩት፤ ትንሽ ረዳ። ፉጨቱን የሚያሳልፈውን ካፓሲተር ለወጥኩት፤ ፉጨቱ ቀረና በወፍራም ድምፅ ማጓራት ጀመረ። ቮልዩሙን ስቀንስ ጩኸቱ ቆመ፣ ጫልቱም አብራ ጠፋች። በመጨረሻ ካውያውን አስቀምጬ ዴስክ ላይ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ነገ ሳይሻል አይቀርም» አለች።

«ሰርኪት ሲያድር አይሻለውም፣ ጫልቱ።»

የዚያን ማታ እራት ላይ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ሰኞ

ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። አንድ ነገር ወሰንኩ፦ በርዕሰ መምህሩ ፊት ከሚጮኽባት ባይሰማ ይሻላል። ቮልዩሙን እታች ድረስ ዝቅ አድርጌ ከጠረጴዛዋ ጎን ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

ተማሪዎቹ ገቡ። ጋቢ የለበሰ፣ ብርድ ልብስ የደረበ፣ ሁለት ሹራብ የደራረበ፤ በአንድ ዴስክ ሦስትና አራት እየሆኑ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ደበላ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጫልቱ ስለ ትሪያንግል መናገር ጀመረች። አልተሰማችም። ኋላ ያሉት እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ፤ ኦቦ ደበላም አቀርቅረው እጃቸውን ማሸት ያዙ።

ጫልቱ ወደ እኔ ሳትዞር በእጇ ከፍ አድርገው የሚል ምልክት ሰጠችኝ። ጥቂት ጨመርኩ። እንደገና ምልክት ሰጠች። ጩኸቱን እየጠበቅሁ፣ ጥርሴን ነክሼ ጨመርኩ። ትናንት ወደጮኸበት ቦታ ደረስኩ። ዝም አለ። አለፍኩት። አሁንም ዝም አለ። የሚሰማው የጫልቱ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የሻከረ ነው፣ ግን ቃል በቃል ይሰማል።

ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ ጋቢና ብርድ ልብስ፣ ያ ሁሉ ሰው ድምፁን እየዋጠ ወደ ማይኩ እንዳይመለስ አድርጎታል። እኔ ሁለት ቀን ስታገል የነበረው ከባዶ ክፍል ጋር ነው። አይኔ እንባ አቀረረ፤ ብርዱ ነው ብዬ ጠረግኩት።

ክፍለ ጊዜው ሲጋመስ ኦቦ ደበላ ከኋላ እጃቸውን አወጡ።

«መምህርት» አሉ በኦሮምኛ፣ «ትንሽ ቀንሺው።»

ጫልቱ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ቀስ ብዬ ቀነስኩላት።

ሲወጡ ጨበጡኝና «ለቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አሉ።

አምቦ

ጫልቱ ባዶውን ካርቶን ድንች ሞልታ ሰጠችኝ። ረዳቱም የዚያኑ ያህል አስከፈለኝ፤ አልተከራከርኩትም። ቤት ስደርስ ረሂማ «ሠራ?» አለች። «ቀንሺው አሏት» ስላት ድንቹን ማውጣት ጀመረች። ካውያዬን ከሳሎን አውጣ የሚል ነገር ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት አጭር ነው። ሰርኪቴን ስስል ቺፑን፣ ባትሪውን፣ ስፒከሩን ሁሉ ስያለሁ፤ የሚሰሙትን ሰዎች ግን ረስቻለሁ። እነሱም የሰርኪቱ አካል ነበሩ።

በሳምንቱ ጫልቱ ደወለች። የገበያ ቀን ስለነበር ግማሹ ተማሪ ቀርቶባታል፤ ማጉያውም እንደ እሑዱ ጮኸ።

«ቮልዩሙን ቀንሺዋ» አልኳት ደንግጬ።

«ቀነስኩት። ልጆቹ ግን ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ያልመጡትን እየጠራ ነው አልኳቸው።»