ለጢፋ ቁጭ አትልም

ለጢፋ በዚህ ዓለም ላይ አምርራ የምትጠላው ቃል ቢኖር «ቁጭ በይ» የሚለው ነው። ጅማ ውስጥ ደግሞ ይህን ቃል ሰው በነጻ ያድላል። ልጅ ያሳደገች፣ በከተማው መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ስሟ የታወቀ ሴት ከሰው ቤት ስትገባ ሁሉም ብድግ ይላል። ወንበር ይቀርባል፣ ከጀርባዋ ትራስ ይደረጋል፣ ውሃ እንኳ ተነስታ እንዳትቀዳ ትከለከላለች። ክብር ነው መቼስ። ባሏን መሐሙድንም እንደዚሁ አክብረውት ነበር። ስኳር በሽታ ይዞታል ሲባል ቤተ ዘመዱ ተረባርቦ ቁጭ አድርጎ ቀለበው። ሱቁ በር ላይ ከተቀመጠባት ወንበር ሳይነሳ መጀመሪያ እግሩ ተቆረጠ፣ ከዚያ እሱ ራሱ ሄደ። ከቀብር መልስ ለጢፋ ያቺን ወንበር በገዛ እጇ ፈልጣ ማገዶ አደረገቻት።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነርሱ አብሳሎም ጣቷን ወግቶ የደሟን ውጤት ሲያይ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ገብቷታል።

«ስኳር ነው አይደል?»

«ነው እናቴ፤ ግን ገና በጊዜ ነው የደረስንበት። መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ ጣፋጭና ቅባት ይቀንሱ። ከሁሉም በላይ ግን በእግርዎ ይሂዱ፣ በየቀኑ። ደግሞ ልጅ ካለዎት ይመርመር፤ ይሄ ነገር በዘር ይሄዳል።»

ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ኸይሩ። አጋሮ ላይ ቡና ይነግዳል። አላህ ሰጥቶታል፤ ከቤት እስከ መጋዘን፣ ከመጋዘን እስከ መስጊድ በመኪና ነው። ለጢፋ ነርሱ ያለውን በስልክ ስትነግረው «የቡናው ወቅት ይለቅና እመረመራለሁ» አለ። ስለ ራሱ ይህን ብቻ ብሎ ሲያበቃ ስለ እሷ ግን ክፉኛ ደነገጠ። አባቱ ትዝ ብሎት ነው። በማግስቱ የአባቱን እህት አፊፋን አስከትሎ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ እናቱ ቤት ከች አለ።

«እማዬ፣ ሐጅ እወስድሻለሁ ብዬሽ ነበር» አላት። «አሁን ግን በዚህ ጉልበትሽ፣ በዚህ ስኳርሽ አይሆንም። እኔ የራሴን አድርጌያለሁ። አንቺ ቁጭ በይና በአንቺ ምትክ እኔ ላድርግልሽ። ላልቻለ ሰው ይፈቀዳል።»

«ያልቻለው ማነው?»

«ጉልበትሽ እኮ…»

«ጉልበቴ እኔ ጋ ነው ያለው። አንተ ጋ መጥቶ አልችልም ብሎ አመለከተ?»

«ኧረ ማሎ ለጢፋ!» አለች አፊፋ። «ልጁ እኮ አዝኖልሽ ነው።»

«አይዘንልኝ። አንድ ዓመት ይስጠኝ። የሚመጣው አረፋ ሲቃረብ ከዚህ ቤት ተነስቼ ጅሬን ተራራ አናት ድረስ እወጣለሁ። ባጃጅ አልሳፈርም፣ የሰው ክንድ አልይዝም። ከወጣሁ በቀጣዩ ሐጅ በገዛ እግሬ ነው የምሄደው። ካቃተኝ ያኔ ሂድልኝ፣ እኔም ቁጭ እላለሁ።»

ኸይሩ ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ግን ሳቀ። እናቱ ያንን ሳቅ ዓመቱን ሙሉ አልረሳችለትም።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግዳ ነጠላዋን ደረበችና ወጣች። ጎረቤቷ ሰሊማ በር ስትከፍት አየቻት። ለጢፋ በማለዳ፣ ብቻዋን፣ በእግሯ፣ ያውም እየተጣደፈች! በዚህ ሰፈር ሴት እንዲህ የምትሄደው ለቅሶ ስትደርስ ነው። ወደ ሐዘን የሚሄድን ሰው ደግሞ ከኋላ እየጠሩ ማን ሞተ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ሰሊማም ነጠላዋን አንስታ፣ ሁለት ሦስት በር አንኳኩታ ተከተለች። ያየ ሁሉ እየተቀላቀለ፣ ለጢፋ የአወቱ ወንዝ ድልድይ ጋ ስትደርስ የሰፈሩ ሴት ግማሹ አንገቱን ደፍቶ ከኋላዋ ነበር። አንዷማ ማልቀስ ጀምራለች። ለጢፋ የለቅሶውን ድምፅ ስትሰማ ዞረች።

«ማን ሞተ?»

«እኛ እንጠይቅሽ እንጂ!» አለች ሰሊማ። «ማን ቤት ነው የምንሄደው?»

«ማንም አልሞተም። ለጤናዬ እየሄድኩ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ የትም። ደርሼ ልመለስ ነው።»

«ሱብሓነላህ! ሥራ ፈታሽ እንዴ ሴትዮ? ለወደ የትም ሰው በዚህ ብርድ ይወጣል?»

የተናደደችው ግን ያለቀሰችው ናት። እንባዬን በባዶ አስፈሰሰችኝ ብላ ለሳምንት አኮረፈች። ለጢፋ ያን ቀን ከድልድዩ አላለፈችም፤ ጉልበቷ እሳት ሆኖባት እያነከሰች ተመለሰች። ሰፈሩ በሳቅ ሲያልቅ እሷ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። በማግስቱ ግን ያንኑ ነጠላ ደርባ ወጣች።

የጨርቅ ነጋዴ ሚዛን ፍለጋ አትሄድም። ጨረቃ በተወለደች ቁጥር ለጢፋ ከአንዱ ጣቃ ጫፍ ቀጭን ጥብጣብ ትቀድና ወገቧ ላይ ታዞራለች፤ ጫፍና ጫፉ የተገናኘበት ላይ ትቆርጠውና ሱቋ ውስጥ ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። የመጀመሪያው ቀይ ነበር፤ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ አበባ ያለበት። መንገዱን ደግሞ በትንፋሿ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ድልድዩ ላይ ያልቅ የነበረ ትንፋሽ እያደር ድልድዩን ተሻገረ፤ ኋላም ወደ ጅሬን የሚወስደው ዳገት ሥር ደረሰ።

እንዳትቸኩሉ፣ ነገሩ እንዲህ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ባጃጅ ነጂዎቹ ጠላት ሆኑባት፤ የሚያውቃት ሁሉ የኸይሩ እናት ብሎ እየጠራ ይቆማል። «ሃዳ ኸይሩ፣ ይግቡ እንጂ፤ እርስዎን በእግር አስኪጄ ሰው ምን ይለኛል?» እያለ ከጎኗ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ተሳፋሪው ከውስጥ ይጮህበታል። ክረምት ሲገባ የፕላስቲክ ጫማዋ ተረከዟን ላጠው፤ የስኳር ቁስል ነውና አልደርቅ አለ። አብሳሎም ቁስሉን እያጠበ፣ እስኪድን መንገድ የለም ብሎ ተቆጣት። ኸይሩ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ አለቀ» አለ። አላለቀም። ቁስሉ እስኪድን ሱቋ ውስጥ ቆማ ሸጠች። ሲድን የወንድ ሸራ ጫማ ከወፍራም ካልሲ ጋር ገዝታ፣ በረጅም ቀሚሷ ሥር አድርጋ ወጣች። ያየ ሳቀ፤ እሷም ሳቁን ለምዳዋለች።

ሲከብዳት የኖረው ሰውነት መቅለል ሲጀምር ደግሞ የባሰ መጣ። እዚህ አገር ወፍራም ሴት ተመችቷታል ይባላል፤ የከሳች ሴት ወይ ከስራለች፣ ወይ ታማለች። አፊፋ በቅቤና በማር የራሰ ጨጨብሳ ተሸክማ መጣች። ለጢፋ በአንድ ጉርሻ ስታቆም «እጄን ናቅሽው» ብላ ሳህኗን አንስታ ወጣች። አንዲት ደንበኛ ደግሞ ሱቁ ውስጥ፣ ለጢፋ እየሰማች፣ «ስኳሩ ጨረሳት፤ ዓመቱን የምትዘልቅ አይመስለኝም» ብላ ለጓደኛዋ አንሾካሾከች። ለጢፋ ጥብጣቦቹን ከሚስማሩ አውርዳ ባንኮኒው ላይ ዘረጋቻቸው።

«እዪ፣ ይሄ ያኔ፣ ይሄ አሁን። የሄደው ሆዴ ነው፤ እኔ እዚሁ ነኝ። የቀሚስ ነው የፈለግሽው የመጋረጃ?»

አረፋ ሳምንት ሲቀረው ኸይሩ በማለዳ መጣ፤ ለጢፋም ወደ ጅሬን ተነሳች። ሾፌሩ መኪናውን እንደ ቀብር አጃቢ በዝግታ እየነዳ፣ እሱም በመስኮት እየተመለከተ ተከተሏት። ድልድዩን ተሻገረች። ዳገቱ መሀል ላይ ትንፋሿ ከዳት፤ ቆመች። ኸይሩ በሩን ከፈተ።

«እማዬ፣ በቃ፣ አይቻለሁ። ግቢና ቁጭ በይ።»

እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ምንም ሳትደገፍ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች። ከዚያ ቀጠለች።

አናቱ ሲቃረብ መንገዱ ለቱቦ ተቆፍሯል፤ መኪና አያሳልፍም። ኸይሩ ወረደ። የቀረችው ጥቂት ናት፤ ግን ዳገት ናት። ለጢፋ አናቱ ላይ ቆማ፣ ከተማው ከታች ተዘርግቶላት፣ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ልጇ ገና እያለከለከ ነበር። ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ሸሚዙ በላብ ከሆዱ ተጣብቋል። እንዳይወድቅ ክንዷን ያዘ። የሰው ክንድ አልይዝም ያለችው እሷ፣ የያዘው እሱ።

ለጢፋ የድሏን ቀን ስትጠብቅ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ያንን ሳቅ አንስታ ልትመልስለት ነበር። አሁን ግን ሁሉም ጠፋባት። ከቦርሳዋ ያችን የመጀመሪያዋን ቀይ ጥብጣብ፣ እዚህ አናት ላይ ልታሳየው ይዛ የመጣችውን፣ አወጣች። ሆዱ ላይ አዞረቻት። ጫፍና ጫፉ አልተገናኘም።

«ተመርምረሃል?»

ላቡን ይጠርግ ጀመር።

«ኸይሩ፣ ቡናው ከለቀቀ ስንት ጊዜው ነው?»

«እማዬ…»

«አባትህን ወደነው፣ አክብረነው፣ ቁጭ አድርገን ገደልነው። እኔ ዓመቱን ሙሉ ከእናንተ ጋር የተጣላሁት ለሐጅ ብቻ አይደለም። አንተን ቀብሬ የምሄድበት ሐጅ የለኝም። ነገ ጠዋት አብሳሎም ጋ እንሄዳለን፤ በእግር።»

ኸይሩ ከተማውን አየ፣ ጥብጣቧን አየ። ከዚያ እንደ ልጅነቱ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና ለሾፌሩ ደውሎ፣ ባዶህን ውረድ አለው።

ቁልቁለቱ ላይ አንድ ሽማግሌ ከመስጊድ ሲመለሱ አገኟቸው። ያ ከመኪና የማይወርድ ነጋዴ በእግሩ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ እናቱም ነጠላዋን ደርባ ከጎኑ። ሽማግሌው ቆሙ፤ እጃቸውንም ለዱዓ ዘረጉ።

«ምነው ልጆቼ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አባቴ» አለች ለጢፋ። «እንዳይሞት ነው የምንሄደው።»