ይቅርታ ሊጠይቁኝ ቤታችን ድረስ የመጡት ኮች ከድር

ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። የነገረኝ ሰው ተሳስቶ እንዲሆን ፈልጌ ነው። አልተሳሳተም። ኮች ከድር ዛሬ ጠዋት አርፈዋል።

ሐሙስ ዕለት እኮ ሊሙ ገነት ሜዳ ላይ አብረን ነበርን! ፊሽካውን ለእኔ ሰጥተው ዳር ቁጭ ብለው ይጽፉ ነበር። "ትንሽ ደከመኝ" ነው ያሉኝ፤ ሌላ ምንም።

ለማታውቋቸው፦ ኮች ከድር መጀመሪያ ጅማ፣ ኋላም ሊሙ ገነት የሴቶች እግር ኳስ ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። እኔን ከሰፈሬ ከአወቱ መንደራ ወስደው ተጫዋች ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። መጫወት ያቆምኩትም በእሳቸው ነው። በሕይወት እያሉ ራሳቸው ይናገሩት ስለነበር አልደብቀውም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ልምምድ ላይ ጉልበቴ ተጣመመና አበጠ። "ኮች፣ አልቻልኩም" አልኳቸው።

"ሩጪ ኢንተሎ፣ ሲሞቅ ይለቅሻል" አሉኝ፤ ኢንተሎ በኦሮምኛ 'አንቺ ልጅ' ማለት ነው። እሳቸውም ተጫዋች ሳሉ ሲባሉ ያደጉት ይሄንኑ ነው።

ሮጥኩ። ጅማቱ ተበጥሶ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ኳስ አልመታሁም።

ለዓመታት መንገድ ላይ ሳያቸው ተሻግሬ አልፍ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ኮች ናቸው፤ ደብተር በብብታቸው ይዘዋል። አዲስ አበባ የአሰልጣኞች ኮርስ ወስደው መመለሳቸው ነው። እንግሊዝኛው ከብዷቸው አንዴ ወድቀው፣ በዚያ ዕድሜ ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር እንደገና ተፈትነው ነው ያለፉት።

እናቴ ፊት ቆሙ። "እትዬ አልማዝ፣ ስለ ጉዳት የተማርን ቀን ምሳ አልበላሁም። ልጅዎን ያን ጊዜ ማስቆም ነበረብኝ። አላወቅኩም ነበር፤ አለማወቄ ግን እግሯን አይመልስም። አፉ በሉኝ።"

እናቴ አለቀሰች። ሲወጡ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሜዳ ነይና እዪኝ። ሌላ ልጅ እንዳላበላሽ" አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ላሳፍራቸው ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ልጆቹን ሰብስበው፣ እኔን አጠገባቸው አቁመው፣ የሆነውን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። "ከዛሬ ጀምሮ አመመኝ ያለች ትወጣለች። ፈሪ የሚላት የለም። እኔም ገና ልምምድ ላይ ነኝ" አሉ። ይቺ ቃል ከዚያ በኋላ ከአፋቸው ጠፍታ አታውቅም።

በዚያው ቀረሁ። ምክትላቸው ሆንኩ፤ ኮርሱንም ጨቅጭቀው አስወሰዱኝ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር አንድ ልጅ ስለ ማሟሟቂያ አዲስ ነገር አነበበ ሲባሉ፣ በማግስቱ ግቢው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁት አይቻለሁ። "አስተማሪዬ" ነበር የሚሉት። ልጁ ያፍራል፤ እሳቸው አያፍሩም።

ኮች፣ እግሬን ያጣሁት በእርስዎ ነው፤ ሙያዬንም የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። አንዱን ለማሳመር ሌላውን አልሸፍንም፤ እርስዎም አይወዱልኝም። የሊሙ ልጆች ቡና ለቀማውን ትተው መኪና ላይ ናቸው፤ ለቀብርዎ ይደርሳሉ። አላህ በጀነት ያኑርዎ። ደህና ይሁኑ፣ ኮች።